የመመለስ ቃል

መተማ ዮሐንስን ከጋላባት የሚለያት፣ በበጋ ደርቆ የሚሰነብት በክረምት ግን ደፍርሶ የሚወርድ አንድ ጠባብ ፈፋ ነው፤ በላዩ የተሠራውም ድልድይ ከማጠሩ የተነሣ፣ በወዲህኛው ጫፍ አቡነ ዘበሰማያት የጀመረ መንገደኛ ጸሎቱን ሳይፈጽም በሌላ መንግሥት ምድር ላይ ቆሞ ይገኛል። ወሰኑ በውል የተጻፈው ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ስምምነት ሲሆን፣ ፈፋው ግን ሰዎች ወሰን ይሁነን ብለው ሳይመርጡት አስቀድሞ ሲወርድ የኖረ ነው። በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ በካርታ ላይ ብቻ የሚያውቀውን ወሰን ማለዳ በሩን ሲከፍት የሚያየው በመሆኑ፣ ስለ መሄድና ስለ መቅረት የጠራ ዕውቀት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ሕፃናትን ፊደል ሳስቆጥርና ዳዊት ሳስደግም እዚሁ አርጅቼ፣ ነገሩ ይበልጥ እየረቀቀብኝ ሄደ እንጂ ሲገለጥልኝ አላየሁም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው በጥላ ሥር በሚውሉበት ሰሞን፣ ቀድሞ በእጄ ዳዊት የደገመ አንድ ዲያቆን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ቤቴ መጣ። ሰማያዊ የፕላስቲክ ክላሰር ይዞ ነበር፤ እጅ ነሥቶ መደቡ ላይ ከተቀመጠ በኋላም፣ ውኃ ሲጠጣ እንኳ ከጉልበቱ ላይ አላወረደውም።

«የኔታ፣ ንስሐ አባቴን ልጠይቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ሱባኤ ይዘው ማኅበረ ሥላሴ ገዳም ገብተዋል» አለኝ። «በመጪው ሳምንት አዲስ አበባ ለቪዛ ኢንተርቪው ቀጠሮ አለኝ። የጥሪ ደብዳቤውን የላከችልኝ አክስቴ ናት። ትመለሳለህ ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ብለውኛል። እመለሳለሁ ብል ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ላትመለስ ነው እንዴ ያሰብከው?» አልኩት።

«አይ፣ እሱንም አላሰብኩ የኔታ። እንደምመለስም እንደምቀርም አላውቀው። የቸገረኝ እሱ ነው።»

ከክላሰሩም ውስጥ፣ ቅጹን በኢንተርኔት ቤት ከማስሞላቱ በፊት በእጁ ያረቀቀበትን ሉክ አውጥቶ አሳየኝ። ቅጹ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ስም አይጠራም፤ ስለዚህ አያቱ፣ ፈረንጅ አገር የመሄድ አሳብ ቀርቶ ጎንደርን በሕይወታቸው ሁለት ጊዜ ያዩት ሽማግሌ፣ የቤተ ሰብ ስም ሆነው ገብተዋል። የተወለደበትን ቀን እናቱ የምታውቀው የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት 16 ተብሎ፣ እርሱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኦክቶበር 26 ሆኖ፣ በዓመቱም ላይ ሰባት ተደምሮበት ተጽፏል። በስተ መጨረሻ ከዚያ አገር የሚመለስበትን ቀን የሚጠይቅ መስመር ነበረ። እርሱ ባዶ ትቶት ሄዶ ሳለ፣ የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ቅጹ ባዶ መስመር እንደማይቀበል አይቶ፣ «ዝም ብለህ የሰኔን መጨረሻ በል» በማለት ሰኔ 30ን ሞላለት። ሰኔ 30 የመጥምቁ ዮሐንስ የልደት በዓል ነው። ነገረ ልደቱ ለአባቱ በመልአክ የተነገረለት ነቢይ በሚታሰብበት ዕለት፣ የአንድን ወጣት መመለስ በኢንተርኔት ቤት ያለ ልጅ ቆርጦ መናገሩ ሁለታችንንም አሳቀን። ከሳቁ በኋላ ግን ጥያቄው በቦታው ነበረ፤ እኔም ለዚያ ምሽት የሚሆን መልስ አጥቼ፣ «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘሁት።

ቆንስሉ ትመለሳለህ ወይ ብሎ መጠየቁ ከክፋት የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ለምሳሌ፣ በ1952 እ.ኤ.አ. በወጣው 214ኛው አንቀጹ፣ ለጉብኝት እገባለሁ የሚለውን ሰው ሁሉ፣ ተቃራኒውን በማስረጃ እስኪያሳይ ድረስ፣ ሊቀር የመጣ አድርጎ እንዲገምተው ቆንስሉን ያዝዘዋል፤ የሌሎቹም መንግሥታት ሥርዓት በቃሉ ይለይ እንጂ በመንፈሱ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሌባ ተብሎ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ ሲገመት፣ አክስቱን ሊጠይቅ የተነሣ ሰው ግን ንጽሕናውን ራሱ እስኪያስረዳ ተጠርጣሪ ሆኖ ይቆማል። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እ.ኤ.አ. ያወጁት የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ13ኛው አንቀጹ ለሰው ሁሉ፣ ከገዛ አገሩ ጭምር፣ የመውጣትንና ወደ አገሩ የመመለስን መብት ሰጥቶት ሲያበቃ፣ የሚገባበትን ሌላ አገር ግን አልሰጠውም፤ ይህም ለሰው ሁሉ ከቤቱ መውጫ በር ከፍተው፣ ከደጅ ግን የሚያርፍበት ሰቀላ ሳያሳዩ እንደ መተው ያለ ነው።

ስለዚህ ቆንስሉ ሰውየውን ወደ አገሩ የሚስበውን ገመድ ይፈልጋል፤ ገመዱም መሬት፣ ቤት፣ ደመወዝ፣ ሚስትና ልጅ ነው። የዲያቆኑ ዘመዶች ይህን ሰምተው የአባቱን የሰሊጥ መሬት የይዞታ ደብተር በክላሰሩ ከጨመሩለት በኋላ፣ ከዚህም አልፈው ቶሎ ሚስት እንዲያገባ፣ ያውም ከቃለ መጠይቁ በፊት በተክሊል እንዲያገባ ይመክሩት ጀመር። በጾም ተክሊል እንደማይፈጸም እንኳ ዘንግተውታል። ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ፣ ዲያቆን የሆነ ሰው ቅስና ከመቀበሉ አስቀድሞ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጽመው ሥርዓት፣ በመስኮት በኩል ለሚቀመጥ ሹም እንደሚታይ ማስረጃ ሲቆጠር ስሰማ ተናድጃለሁ፤ ቁጣዬ ግን በማን ላይ እንደ ሆነ ለይቼ አላውቅም። በዚህ ሥርዓት ከማኅበረ ሥላሴ መነኮሳት አንዱ ወጥቶ ቪዛ ቢጠይቅ ምን እንደሚባል አስባለሁ፤ ቤት የለው፣ ርስት የለው፣ ሚስት የለው፣ የባንክ ደብተር የለው፤ ከዚያም በላይ በመነኮሰ ዕለት የሙታን ጸሎት ተደግሞለት ከዓለም የተለየ ሰው ነው። ጫካው ውስጥ በዕጣን ዛፎቹ መካከል ለመኖር እንደ እርሱ በስፍራው የጸና ሰው ባይገኝም፣ በወረቀቱ ግን ከሰው ሁሉ የላቀ ተጠርጣሪ እርሱ ይሆናል።

ግእዝ ለመሄድ፣ ለመነገድና ለእንግድነት አንድ ሥር አለው። ነገደ ማለት ሄደ፣ ተጓዘ፣ ለወጠና ሸጠ ማለት ነው፤ ነጋዲም ከዚያ ወጥቶ ነጋዴም፣ መንገደኛም፣ ቅዱስ ስፍራ ለመሳለም የሚሄድም ይሆናል፤ ነግድ እንግዳ ነው፤ መንገድም ከዚያው ነው። ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውሃና በኮኪት አድርጎ ወደ እኛ የሚወርደው ጎዳና እነዚህን ሁሉ በአንድነት ሲያመላልስ ኖሯል። ሰውን በዓይነት በዓይነቱ ከፍሎ፣ ጎብኚ ነህ፣ ሠራተኛ ነህ፣ ተማሪ ነህ ወይስ ተሰዳጅ ብሎ አስቀድሞ የሚለየው የዛሬው ሥርዓት ነው እንጂ፣ ቋንቋችን እንግዳንና ነጋዴን ከአንድ ማኅፀን የወጡ አድርጎ ነው የያዛቸው። ከምዕራብ ሱዳንና ከዚያም ወዲያ ወደ መካ ሲሄዱና ከመካ ሲመለሱ በዚህ ቆላ የቀሩት ተክሩሮች ለዚህ ምስክር ናቸው፤ ሐጅ ብለው ከቤታቸው ወጡ፣ ጥጥና ማሽላ ዘርተው ቀሩ፣ በ19ኛውም ምዕተ ዓመት የጋላባትን ገበያ በገዛ ሼኮቻቸው ያስተዳድሩ ነበር። ለሚስቶቻቸው እንመለሳለን ብለው ነበር ይሆናል፤ ዋሹ ብሎ የሚከሳቸው ግን ማን ነው?

ይሁን እንጂ የመመለስን ቃል በዚሁ ቆላ በኩል ይዞ ስለ ወጣ አንድ ሰው ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ለዲያቆኑ ጥያቄ ከእርሱ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁምና። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ ከቋራ ወገን በሆኑት በእቴጌ ምንትዋብ ደጅ በቁስቋም ተቀምጦ፣ ጎንደሬዎችም ያዕቆብ ብለው እየጠሩት ሁለት ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ኖረ። የዚህ የእኛ ቆላ የዚያን ጊዜ ስሙ ራስ ኤል ፊል ነበር፤ በዓረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው። ቤተ መንግሥቱም ብሩስን የራስ ኤል ፊል ሹም አድርጎ ሾሞት፣ እርሱ ደግሞ ያሲን የሚባል ሙስሊም በእንደራሴነት አስቀምጦበት ነበር፤ ስለዚህ የመተማ ሰዎች አንድ ጊዜ የስኮትላንድ ተወላጅ ሹም ነበረብን ብንል ሐሰት አይሆንብንም። የዓባይን ምንጭ አይቶ ወደ አገሩ ሊመለስ በጠየቀ ጊዜ ግን ፈቃዱ በቀላሉ አልተገኘም። ከብዙ ልመና በኋላ የተሰናበተው፣ ጤናው ሲመለስለት ከዘመዶቹ ጋር ፈረስና የጦር መሣሪያ ይዞ ወደ ንጉሡ ሊመለስ ቃል ገብቶ መሆኑን በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እርሱ ራሱ ይተርካል። በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ፣ ሹም በሆነበት ቆላ አቋርጦ ወደ ስናር ወረደ። አልተመለሰም። በ1794 እ.ኤ.አ. በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

በዚህ ታሪክ የሚገርመኝ የቪዛው ጥያቄ ተገልብጦ መገኘቱ ነው። የዛሬው በር ሳይገባ በፊት «ወደ አገርህ ትመለሳለህን?» ይላል፤ የጎንደር በር ሊወጣ ሲል «ወደ እኛ ትመለሳለህን?» አለው። የእኛ በር ከዚያም በፊት የባሰ ጥብቅ ነበር፤ ከፖርቱጋል ተልኮ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ የመጣው ጴሮ ዳ ኮቪልያ፣ ዐፄ እስክንድር ሊያሰናብቱት አስበው ሳለ ስለ ሞቱ፣ ዐፄ ናዖድ ግን እምቢ ስላሉት፣ ርስትና ትዳር ተሰጥቶት ቀረ፤ የአገሩ መልእክተኞች በ1520 እ.ኤ.አ. ሲመጡ ያገኙት ሽማግሌ ሆኖ፣ ቤቱን ሞልቶ ነበር። ለእርሱ «ወደ እኛ ትመለሳለህን?» የሚለው ጥያቄ ጨርሶ አልተነሣለትም። ዛሬ በሰው አገር መስኮት ፊት ቆመን ስንጨነቅ፣ ይህን ሥልጣን እኛም ይዘነው እንደ ነበር ብናስታውስ ቅሬታችን ይበርዳል ባልልም፣ ሚዛን ያገኛል።

ብሩስ ዋሸ ወይስ አልዋሸም? ያዕቆብ መባሉ ሁለት ሌሎች ያዕቆቦችን ያሳስበኛል። የመጀመሪያው የይስሐቅ ልጅ ነው፤ ከወንድሙ ቁጣ ሸሽቶ ሲሄድ በቤቴል ድንጋይ ተንተርሶ ባደረበት ስፍራ የተሳለው ብፅዓት፣ በሰላም ወደ አባቱ ቤት ቢመለስ በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ የቆመ ነበር፤ መመለሱንም ስጦታ አድርጎ ከእግዚአብሔር ለመነው እንጂ እንደ ገንዘቡ ቆጥሮ ለማንም አልሰጠም። ሃያ ዓመት ከላባ ዘንድ ቆይቶ ተመለሰ። ሁለተኛው ሐዋርያው ያዕቆብ ነው፤ በመልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ፣ ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን ዓመት ተቀምጠን ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን፣ የነገን ባለማወቃቸው ይወቅሳቸዋል፤ አነጋገራቸውንም በእግዚአብሔር ፈቃድ ላይ እንዲያንጠለጥሉት ያዝዛቸዋል። የወቀሳው ተቀባዮች ነጋድያን፣ የተወቀሱበትም ነገር የመንገድ ዕቅድ መሆኑን ልብ ይሏል። ከፈፋው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ኢንሻላህ ሲሉ፣ እኛም እግዚአብሔር ቢፈቅድ ስንል የምንናገረው አንዱኑ ነው፤ ችግሩ ቅጹ ይህን የሚቀበል መስመር የሌለው መሆኑ ነው።

በዚህ ላይ ነው አማርኛችን አንድ ነገር የሚያስተምረኝ። ቆንስሉ በፓስፖርቱ ላይ የሚመታው የመግቢያ ፈቃድ ነው፤ ሰው በልቡ የሚወስነው ፈቃዱ ነው፤ እግዚአብሔርም የሚያደርገው እንደ ፈቃዱ ነው። ሦስቱ በአንድ ስም ይጠራሉ። የወደፊቱን ማወቅ የእግዚአብሔር የባሕርይ ገንዘቡ ስለ ሆነ፣ እመለሳለሁ የሚለው ቃል ትንቢት ከሆነ ማንም ሰው ኃጢአት ሳይሠራ ሊናገረው አይችልም፤ ስለ ልብ ፈቃድ የተሰጠ ምስክርነት ከሆነ ግን ሞት፣ ጦርነት ወይም ሌላ ነገር ቢከለክለው እንኳ ሲናገረው እውነት ነበረ። የትንቢትና የቃል ኪዳን ልዩነት ይህ ነው፤ ነቢይ የሚሆነውን ይናገራል፣ ቃል የሚገባ ሰው የሚፈልገውን ይናገራል። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱት ሳሉጎች በየዓመቱ ለእናቶቻቸው በገና እንመጣለን ብለው ይወጣሉ፤ ወባና ካላዛር በዚህ በረሃ ያስቀሩአቸው ብዙዎች ናቸው፤ በገዛ ቃላቸው ሐሰተኞች ሆነው ሞቱ የሚል የለም።

ይህን ስጽፍ ለዲያቆኑ መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን የእርሱ ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው፤ የማያውቀው የሚሆነውን ብቻ አይደለም፣ የገዛ ፈቃዱንም ነው። የመቅረትና የመመለስ አሳብ በልቡ እኩል ቆመዋል፤ እንዲህ ሆኖ እመለሳለሁ ቢል ስለ ፈቃዱ የሚሰጠው ምስክርነት ጎዶሎ ነው። እዚህ ላይ ነው ስለ ብሩስ ያለኝ ፍርድ የሚጠቅመኝ። ብሩስ ለመመለስ እንደማይፈልግ እያወቀ ቃል ከገባ በድሏል፤ ዳሩ ግን ንጉሡ በሩን በቃል ካልሆነ አልከፍትም ባይለው ኖሮ ባልበደለም ነበር። ሰው ገና በራሱ ዘንድ ያልወሰነውን ነገር ወሰንኩ ካላለ የማይከፈት በር፣ ከሚገኘው ሐሰት ድርሻውን ይወስዳል። ይህን ስል ዲያቆኑን ነፃ አላወጣሁትም፤ በደሉን የሚካፈል ሌላም አለ ማለቴ ነው።

ሰው መመለሱን በፈቃዱ አድርጎ መያዝ እንደማይችል ደግሞ መተማ ስማቸውን ከያዘችላቸው ንጉሥ በላይ የሚያስተምር የለም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚህ ተዋግተው፣ ድሉ ወደ እጃቸው ሲያዘነብል ቈስለው አረፉ፤ አስከሬናቸው ወደ አገር ሲመለስ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የደርቡሽ ጦር ደረሰበትና፣ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዚህም ደቡብ፣ ከቋራ ወጥተው የነገሡት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ፣ ከመቅደላ በኋላ በ1860 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ መመለስ ሳያገኝ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድዘር ተቀበረ። ዮሴፍ የእስራኤልን ልጆች አስምሎ አጽሙን ከግብጽ እንዳስወጣ፣ የዓለማየሁም ፍልሰተ አጽም ተጠይቆ ነበር፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ማረፊያ ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ። በዊንድዘር የጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ንግሥት ቪክቶሪያ ባቆሙለት መታሰቢያ ላይ የተቀረጸው ቃል፣ ከማቴዎስ ወንጌል ከ25ኛው ምዕራፍ፣ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው ነው።

ሁሉም ግን በዚህ ፈፋ በኩል ለመሄድ አልሄደም። ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን የወረዱት ቤተ እስራኤል፣ ትመለሳላችሁን ቢባሉ፣ አሁን መመለሳችን ነው ብለው ይመልሱ ነበር፤ የሚቀበላቸውም አገር በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ስሙ የመመለስ ሕግ ነው። በ1977 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ በአውሮፕላን ከሱዳን ብዙ ሺህ ሰዎች ተወሰዱ፤ በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ ሰፈሮች የሞቱት ደግሞ አራት ሺህ ያህል ናቸው ተብሎ ኢየሩሳሌም ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። አባቶቻቸው ስንት መቶ ዓመት ከኖሩበት ጎጆ ወጥተው፣ ወደማያውቁት አገር ሲሄዱ መመለስ ያሉትን ነገር እኔ ከጎረቤትነት ሆኜ ሳየው ፍልሰት ነበር። ያንኑ እርምጃ አንዱ ልብ ሚጠት፣ ሌላው ልብ ስደት ሊለው ከቻለ፣ የመመለስን ትርጓሜ በየብስ ካርታ ላይ ብቻ የምንፈልገው ለምንድን ነው?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ድልድዩ አቅጣጫውን ለወጠ። ሱዳናውያን፣ በዚያ የነበሩ የብዙ አገር ሰዎች፣ ከመካከላቸውም ለእናቶቻቸው በዓመቱ እንመጣለን ብለው የሄዱ የእኛ ልጆች፣ በላያቸው ላይ ያለውን ልብስ ብቻ ይዘው ወደ እኛ ተሻገሩ። የእኛን ልጆች ቃላቸውን ያስፈጸመላቸው ጦርነት ሆነ። ለተቀሩት በኩመርና በአውላላ ሰፈር ተሠራላቸው። አንድ ቀን ከድልድዩ ወዲህ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ በመዝገብ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ሳሉ፣ የሚጽፈው ልጅ ለስንት ጊዜ እንደሚቆዩ በአስተርጓሚ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ወደ መጡበት ዞር ብለው አይተው ጦርነቱ እስኪያልቅ አሉ። ልጁ ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት ቆየና «30 ቀን» ብሎ ጻፈ። ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? መስመሩ ቁጥር ይፈልጋል። እኔ ግን የኢንተርኔት ቤቱን ልጅ ነገር በሰማሁ ጊዜ ያስታወስኩት ይህን ነበር፤ በዚያች ዕለት በዚህ ፈፋ ዳር ቆንስሎቹ እኛ ነበርን።

ቅዱስ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብጽ ሲወርድ፣ ከመልአኩ የተቀበለው ቃል እስክነግርህ ድረስ በዚያ ቆይ የሚል ትርጓሜ ያለው ነበር። ቀን አልተቆረጠለትም። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በጾመ ጽጌ የምታስበው ስደት፣ ብሩስም ያደረበት ቁስቋም የተሰየመበት ስደት፣ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እንደ ቆየ አባቶች ያስተምራሉ፤ ዮሴፍ ግን በሚሄድበት ቀን ይህን አላወቀም። በጋዛ በኩል ያለ የኬላ ጠባቂ መቼ ትመለሳለህ ብሎት ቢሆን፣ ጻድቁ ሰው ሊሰጠው የሚችለው እውነተኛ መልስ «አላውቅም» ብቻ ነበር፤ በዚያም መልስ ቢመለስ ሕፃኑ በሄሮድስ እጅ ይወድቅ ነበር። ይህን ካሰብኩ በኋላ ነው ለዲያቆኑ ልነግረው የቆረጥኩት፤ በመስኮቱ ፊት ከመቆምህ በፊት፣ ፈቃድህን አንድ ሌሊት ጠይቀው፤ መመለስ እፈልጋለሁ ካለህ እመለሳለሁ በል፣ ካላለህ ግን አክስቴን ናፍቄአለሁ በል፣ ከዚያ ያለፈውን ግን አትጨምር። መልሱ ቪዛ እንደማያስገኝለት አውቅ ነበር። ነገርኩትም። ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተከራከረኝም።

ከአዲስ አበባ በሳምንቱ ተመለሰ። ሌሊቱን ሙሉ ጸልዮ፣ መልሱን አዘጋጅቶ ገብቶ ሳለ፣ በመስኮቱ ያለችው ሴት የአያቱን ስም ሁለት ጊዜ እንዲደግምላት ጠየቀችው፤ ስንት ወንድም እንዳለው፣ ሰሊጥ ምን እንደ ሆነ፣ ዲያቆን ማለት ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ ሰሊጡ ያልገባት ስለ መሰለው የዘሩን ማነስ በጣቱ እያሳየ አስረዳት። ስለ መመለስ አንዳች አልጠየቀችውም። ቪዛው ተመታለት።

ለመሄድ የተነሣው ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ነው። ወደ ጎንደር የሚወጣው መኪና ገና ሳይሞላ ቆሞ ነበር፤ እናቱ የሽሮና የበርበሬ ፌስታሎቹን ከሻንጣው አውጥታ እንደገና ታስገባለች፤ በሰሊጥ የተሞላውን ትንሽ ጠርሙስ ግን በጋቢው ጥግ ቋጥራለታለች። እርሱ ዝቅ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። እኔም ይህን ሁሉ ካሰብኩ፣ ያዕቆብንም ዮሴፍንም ካመጣሁ በኋላ፣ ሳላስበው ከአፌ ያመለጠኝ ነገር፣

«መቼ ትመጣለህ ታዲያ?» የሚል ነበር።

«የኔታም?» አለኝና ሳቀ። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ እናቱም ፌስታሉን ለሦስተኛ ጊዜ እያስገባች ስለ ነበር አልሰማችንም።